በጉና ቧንቧው

ባዶ ባልዲ ውስጥ የሚወርድ ውኃ የራሱ ድምፅ አለው፤ መጀመሪያ የባልዲውን ቂጥ እየደበደበ ይንጫጫል፣ ቀስ በቀስ ይወፍራል፣ ሊሞላ ሲቃረብ ደግሞ በልቶ እንደጠገበ ሰው ዝግ ይላል። የካ አባዶ ባለው ኮንዶሚኒየማችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነውና፣ ተራችን በደረሰ ማለዳ ባለቤቴ «መጣ! ተነሺ፣ መጣ!» እያለ በጀሪካን መሐል ሲራወጥ፣ እኔ ከቧንቧው ሥር ባልዲ ደቅኜ፣ እጄን አጣጥፌ ያንን ድምፅ እሰማለሁ። ሰውዬው ምን እንደሚያስቆመኝ እስከ ዛሬ አልገባውም። ድምፁ የሚመልሰኝ ወደ ገርጂ፣ እናቴ በገዛ ደጇ ቧንቧ ወደከፈተችበት ቀን ነው።

በደርግ ዘመን ገርጂ፣ ከተማ ነሽ ገጠር ነሽ ቢሏት መልስ የሚቸግራት ሰፈር ነበረች፤ በአንድ በኩል የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር፣ በሌላ በኩል የጤፍና የሽንብራ ማሳ ይዞራት ነበር። አውሮፕላን ሲነሳ የጣሪያችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥና እማዬ የጀመረችውን ወሬ አቁማ፣ ጩኸቱ ሲያልፍ ካቆመችበት ቃል ትቀጥል ነበር። አባዬ እዚያው ማረፊያው ውስጥ ጭነት ጫኝና አውራጅ ስለነበር ገና ጎህ ሳይቀድ የሠራተኛ አውቶቡስ ይወስደዋል፤ እማዬ ታናሽ ወንድሜን ቢኒን ከወለደች ወዲህ ወገቧን እያመማት ከባድ ነገር አታነሳም፤ ቢኒ ደግሞ ቁመቱ ገና ከጀሪካን ብዙም አይበልጥም ነበር። ስለዚህ የቤቱ ውኃ ቀጂ እኔ ነበርኩ።

ውኃ የምንቀዳው ከቀበሌው ቦኖ ነበር። ሰፈርተኛው ጀሪካኑንና ባልዲውን በተርታ ይደረድራል፣ ትርፍ ዕቃ የሌለው ድንጋይ አስቀምጦ ተራ ይይዛል፣ ከዚያ የቦኖዋ ጠባቂ ቁልፏን አንጠልጥላ እስክትመጣ መጠበቅ ነው። እሷ ልጇን አጥብታ፣ ነጠላዋን ፈልጋ፣ መንገድ ላይ ካገኘችው ሁሉ ጋር የዘመድ አዝማዱን ደኅንነት ተጠያይቃ እስክትደርስ ፀሐይዋ ትወጣ ነበር። ጀሪካኔን በጀርባዬ አዝዬ ቤት አድርሼ፣ ደብተሬን መንጭቄ እየበረርኩ ስደርስ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቶ ይጠብቀኛል። አርፋጆች ጠጠር ላይ ተንበርክከን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፍ ነበር፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደግሞ በእኔ ዕድል ሁልጊዜ ሒሳብ ነበር። ያን ዓመት ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ሚኒስትሪ የምፈተንበት ዓመት ነበር።

መስከረምና ጥቅምት እንዲህ አልፈው፣ ኅዳር ላይ «ወላጅ አምጪ» ተባልኩ። አባዬ በዕረፍት ቀኑ የሠርጉን ኮት ለብሶ፣ ጫማውን በቅባት አብሶ አብሮኝ መጣ። የክፍል ኃላፊያችን ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ወንበር ሰጥተውት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩት።

«ልጅቷ ጎበዝ ናት። ግን ከበር ውጭ የተቀመጠ ጉብዝና ምን ይሠራል? እስከ ሚያዝያ መጨረሻ እታገሳለሁ። ከግንቦት ጀምሮ ካረፈደች ለሚኒስትሪ አትቀመጥም፤ መመሪያ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አባዬ ለወትሮው መንገድ ላይ ካገኘው ሰው ሁሉ ጋር ካልቀለደ የማይሄድ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን እስከ ቤታችን ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ የእሱ ዝምታ ከጠጠሩ ይልቅ አመመኝ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቅ ነበር፤ ከእኔ በፊት ያቋረጡት የሰፈራችን ሴቶች ልጆች ሁሉ ከዚያ በኋላ የማገኛቸው እዚያው ቦኖ ሰልፍ ላይ ነበር።

እማዬ ጉዳዩን ሰምታ አላለቀሰችም፣ እኔንም አልተቆጣችም። ቧንቧ ወደ ግቢ ለማስገባት ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቆ እንዲመጣ አባዬን ወደ ውኃው መሥሪያ ቤት ላከችው። ይዞት የመጣው ዋጋ የብዙ ወር ደመወዙን የሚውጥ ነበርና፣ ነግሯት ሲያበቃ እንደ መሳቅ ብሎ «እንግዲህ ቦኖ ይኑርልን!» አለ። እሷ አልሳቀችም። የዱቄት ከረጢት ቀድዳ፣ አጥባ፣ ተቀምጣ መስፋት ጀመረች።

የሰፋችው ባለ ብዙ ኪስ ጨርቅ ነበር። መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ከቆጠረች ገና ዓመት አልሞላትምና፣ በእያንዳንዱ ኪስ ላይ በቀይ ክር አንዳንድ ፊደል ጠልፋ፣ ከበሩ ጀርባ ከኮቶቹ ሥር ሰቀለችው፤ ለቤት ኪራይ፣ ለቀለብ፣ ለእድር፣ ለልብስና ለደብተር፣ ለአባዬ የኪስ ገንዘብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለውኃ። ደመወዝ ሲገባ ብሩ በየኪሱ ይከፋፈላል፤ መጀመሪያ የሚሞላው የውኃው ነው፣ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው መሻገር ክልክል ነው፤ ሕጓ ይኸው ነበር።

«ሴትዮ፣ ሰው የሚያስቀምጠው እኮ ከተረፈው ነው» አላት አባዬ፣ ገርሞት።

«ተርፎን ያውቃል?» አለችው።

አባዬ አሰበ። ተርፎን አያውቅም ነበር።

ይህን ነገር የቤተሰብ ወግ ያደረገው ግን ራሱ አባዬ ነው፤ መዘዙ የመጣበትም በገዛ አፉ ነው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እሑድ እሑድ ለቀበሌ ስብሰባ ይጠራ ነበር፤ የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ዘይት ይከለከላል። አባዬ ከአንዱ ረጅም ስብሰባ ወገቡን ይዞ ተመልሶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ መዝጋቱንም በእጁ ገፋ አድርጎ አረጋግጦ፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር ሳል እየሳለ ዱካው ላይ ጉብ አለ።

«ጓዶች! የዛሬው አጀንዳ የውኃ ጉዳይ ነው። በዚህ ቤት ካሁን በኋላ ማናቸውም ነገር በብዙኃኑ ድምፅ ይወሰናል። ጓድ ቢንያም፣ አፍንጫህን ጥረግና ተሳተፍ።»

እኔና ቢኒ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እማዬ ግን የሰማችውን የማትረሳ ሴት ነበረች። በታኅሣሥ ደመወዝ ዕለት አባዬ እንደ ልማዱ ስብሰባውን ሲከፍት፣ እጇን አወጣችና ሐሳብ አለኝ አለች፤ የጓድ ሊቀመንበር የኪስ ገንዘብ በግማሽ ይቀነስና ወደ ውኃው ይዙር። አባዬ ለጋስ ሰው ነበር፤ ከሥራ ሲወጣ ለባልደረቦቹ ሻይና ዳቦ ሳይጋብዝ አይመጣም፣ የጨነቀው ሰው ካጋጠመው ደግሞ ኪሱን ገልብጦ ይሰጣል። እማዬ «ያንተ ኪስ ወንፊት ነው» ትለው ነበር። ድምፅ ሲሰጥ እሷ እጇን አነሳች፣ እኔ አነሳሁ፣ ቢኒ ነገሩ ባይገባውም እኛን አይቶ አነሳ።

«በገዛ ስብሰባዬ ገለበጣችሁኝ እኮ!» አለ አባዬ፣ አፉን ይዞ። ግን ብዙኃኑ ብሎ ነበርና ከቃሉ ዝንፍ አላለም፤ ግማሹን ቆጥሮ በእጁ ውኃው ኪስ ውስጥ ከተተው።

በጋው እንዲህ ሆኖ አለፈ። ሻያችንን ስኳሩን እየነካነው ብቻ እንጠጣ ነበር፤ የቢኒ ከረሜላ ከየቀኑ ወደ እሑድ ብቻ ተዛወረ፤ የእኔ ሸራ ጫማ አፉን ሲከፍት አባዬ ከሥራ ቦታው ባመጣው የማሸጊያ ክር ሰፋው፤ እማዬም ለጥምቀት የተመኘችውን ነጠላ ሳትገዛው ቀረች። በየወሩ ኪሱን ዳብሳ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስትል፣ አባዬ «እሱ በእግሩ እስኪሄድ እኛ በጉልበታችን መሄዳችን ነው!» ይላታል። እውነቱን ለመናገር፣ ችግር ነበር። ግን ከዚያ በፊት ችግራችን ዝም ብሎ ችግር ነበር፤ ያን ዓመት ግን ወዴት እንደምንሄድ አራታችንም እናውቅ ነበርና የጎደለው ነገር ሁሉ ያኮራን ጀመር። እኔም ጠጠሩ ላይ ተንበርክኬ ያቺን የውኃውን ኪስ የቀይ ክር ፊደል ሳስባት ጉልበቴ ትንሽ ይበርድልኝ ነበር።

መጋቢት አልቆ ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ ከባዱ ስብሰባ መጣ። እማዬ ኪሱን ፈትሻ፣ የሚቀረን የአንድ በግ ዋጋ ያህል መሆኑን ነገረችን። በሰፈራችን ያለ በግ ፋሲካን የሚውል አባወራ አልነበረም፤ ካለም ስሙ እስከ መስቀል ድረስ ይነሳል። አባዬ ያን ቀን ሊቀመንበሩን መምሰሉን ረሳው።

«ሁሉን እሺ ብያለሁ። ሲጋራዬን ትቻለሁ። ለፋሲካ ግን ልጆቼ የጎረቤት በግ ሲጮህ እየሰሙ አይውሉም። ውኃው ለክረምት ይድረስ።»

«ክረምት ማለት ፈተናው ካለፈ በኋላ ማለት ነው» አለች እማዬ፣ ቀስ ብላ። «አንዲት ዶሮ አለችን። እሷኑ እናርዳለን። ድምፅ ይሰጥ።»

ለበጉ አባዬና ቢኒ እጃቸውን አነሱ። ለቧንቧው እማዬና እኔ አነሳን፤ ቢኒም ደግሞ አነሳ።

«ጓድ ቢንያም፣ ለሁለቱም አይቻልም» አለው አባዬ።

ቢኒ ተጨነቀ። ዓመቱን ሙሉ ያን በግ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ገመዱን ይዞ ሣር ሊያበላው፣ ስም ሊያወጣለት አስቦ ነበር። አንዴ አባዬን አንዴ እኔን እያየ ከቆየ በኋላ፣ «ቧንቧው ከመጣ እቴቴ ጠጠር ላይ አትንበረከክም?» ብሎ ጠየቀ።

«አትንበረከክም» አለችው እማዬ።

ሁለቱንም እጆቹን አነሳ። እሱ አላለቀሰም እንጂ እኔ ስለ እሱም ጭምር አለቀስኩ። አባዬ «በሙሉ ድምፅ» አለና የራሱንም እጅ አነሳ።

የፋሲካ ዋዜማ በየአጥሩ በግ ሲጮህ ዋለ። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ አፋቸው ብቻ ነበር የማያርፈው፤ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ቢኒን «ምነው የእናንተ በግ ድምፁ አይሰማም?» ሲሉት፣ አባዬ ጓሮ ሆኖ አንገቱን ደፋ። ቢኒ ግን ደረቱን ነፍቶ መለሰላቸው።

«የእኛ በግ ቧንቧ ውስጥ ነው!»

እትዬ አልማዝ ነገሩን አልተረዱትምና ከበጉ ይልቅ ለቢኒ ጤንነት አሰቡ። አባዬ ግን እዚያው ጓሮው ውስጥ መሳቅ ጀመረ፤ ከመጋቢት ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር፤ በማግሥቱም ያቺን የዶሮ ወጥ በልተን በበግ ጾም እንደፈታ ሰው ጠግበን ዋልን።

ከበዓሉ በኋላ ክፍያው ተከፈለ። መሥሪያ ቤቱ የላከው ሰው መጥቶ፣ ከዋናው መንገድ እስከ ደጃችን በእርምጃው ለካና፣ እግረ መንገዱን አንድ ነገር ጣል አድርጎ ሄደ፤ ቆጣሪና ቱቦ ከእኛ፣ ጉድጓዱን መቆፈር ግን ከእናንተ። እማዬ ያን ሁሉ ወር አስባ፣ ቆንጥራ፣ ከፋፍላ ስታበቃ፣ ለቁፋሮ የሚሆን ኪስ ግን አልሰፋችም ነበር። የገርጂ አፈር ደግሞ ከላይ ጥቁር ጭቃ፣ ከሥር ድንጋይ ነው። የጠየቅናቸው ቆፋሪዎች የጠሩትን ዋጋ ስትሰማ ከጨርቁ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠችና፣ ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ሚያዝያ ሊያልቅ የቀሩት ጥቂት ቀናት ነበሩ።

አባዬ ኮቱን አንስቶ ወጣ። «ከጓደኞቹ ጋር ሊያወራው ነው» አለች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። እንዳለችውም ከጓደኞቹ ጋር ሊያወራው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከውጭ የመኪና ድምፅ ሰምተን ብንወጣ፣ የአዳር ፈረቃቸውን ጨርሰው በአንድ ጭነት መኪና ላይ ተጭነው የመጡ ወንዶች ዶማ፣ አካፋና ድጅኖ ይዘው ሲወርዱ አየን። ከፊት የነበረው የአባዬ የቅርብ ወዳጅ ጋሽ ሰዒድ ነበር፤ ወሎዬ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው።

እማዬ ደንግጣ «ኧረ እኔ የምከፍላችሁ የለኝም!» አለች።

«ማን ክፈይ አለሽ፣ እህቴ?» አላት ጋሽ ሰዒድ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ። «ባልሽ ስንት ዘመን ሻይና ዳቦ ችሎናል። ልጄ የታመመች ጊዜ ኪሱን ገልብጦ የሰጠኝ ማን ሆነና ነው? ይልቅ ወዴት በኩል እንደሚያልፍ አሳይን።»

ሲቆፍሩ ዋሉ። ድንጋዩ ሲያስቸግር በወሎኛ ያንጎራጉራሉ፣ ሲፈነቀል ይጨፍራሉ፤ አባዬ ከሁሉም በላይ እየጮኸ፣ ከሁሉም ያነሰ እየቆፈረ በመሐላቸው ይሽከረከር ነበር። ከቀትር በኋላ የእትዬ አልማዝ ባል አካፋ ይዞ ብቅ አለ፣ እሱን አይተው ሌሎቹ ጎረቤቶች ተከተሉ፤ እትዬ አልማዝ ራሳቸው «ለዚያ ለበጋችሁ ነው» እያሉ ሽሮና እንጀራ በሞሰብ ይዘው መጡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውን ተረት በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ቦዩ ከመንገዱ እስከ ደጃችን ተዘርግቶ ነበር።

በሳምንቱ ውስጥ ቱቦው ተቀበረ፣ ቆጣሪው ተተከለ፤ ባለሙያው የመጨረሻውን ቁልፍ አጥብቆ ለእማዬ «ይክፈቱት» አላት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ከፈተች። ቧንቧው መጀመሪያ ሳለ፣ ቀጥሎ ቀይ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ግን መጣ! ንጹሕ፣ ወፍራም ውኃ ባልዲው ውስጥ ሲንጫጫ እማዬ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ያን ሰዓት አውሮፕላን ከራሳችን በላይ ሲያልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን አላቋረጠችለትም። ቢኒ ልብሱን እንደለበሰ ቧንቧው ሥር ገባ። አባዬ የሚስቅም የሚያለቅስም ይመስል ነበር።

ግንቦት በገባበት ጠዋት ትምህርት ቤት የደረስኩት ከዘበኛው በፊት ነበር። በሩ ላይ ተቀምጬ ሲያየኝ «ምነው ልጄ፣ ቤት ውስጥ ሰላም አይደለም?» አለኝ። ሰላም ነው አልኩት። ጠጠሩን አልፌ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ መምህሩ ገና ጠመኔ ሳያነሱ ደብተሬን ዘርግቼ ጠበቅኋቸው። ሰኔ ላይ ተፈተንኩ፤ ውጤቱ ሲለጠፍ ስሜን ያገኘሁት እንደዚያ ጠዋቱ ከፊት ነበር።

የሰፈሩ ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ እኛ ደጅ መምጣት ሲጀምሩ፣ የቆጣሪውን ሒሳብ ከእነሱ ጋር በየድርሻችን እንድንካፈል በቤታችን ስብሰባ በድምፅ ተወሰነ፤ እማዬ ግን ድምፅ ያልጠየቀችበት አንድ ሕግ ጨመረችበት፤ «ተማሪ ያለበት ቤት ይቅደም።» በዚያው ስብሰባ ላይ ደግሞ የአባዬ የኪስ ገንዘብ ወደ ሙሉው እንዲመለስ ሐሳብ ያቀረበችው እሷው ራሷ ነበረች። «ወንፊት ብዬው ነበር። ቦይ ኖሯል» አለች፣ ዓይኑን ሳታየው። አራት እጅ ወጣ።

አባዬ ካረፈ ቆይቷል። እማዬ ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ ደመወዛችን ዛሬ በስልክ ይገባል፣ በስልክ ይወጣል፣ በእጅ የሚዳበስ ኪስ የለውም። ያም ሆኖ ደመወዝ በገባ ዕለት ልጆቼን ሰብስቤ ድምፅ እንሰጣለን፤ «ጓድ» ስላቸው ከየት እንደመጣ ባያውቁትም ይስቃሉ። ያኔ ለሰፈር የሚበቃ አንድ ቧንቧ ነበረን፤ ዛሬ ወጥ ቤትም መታጠቢያ ቤትም ቧንቧ አለኝ፣ ውኃው ግን ተራ ሲደርሰው ነው የሚመጣው። አላማርርም፤ ልጄ በውኃ ምክንያት አርፍዳ አታውቅምና።

ቢኒ ግን በየዓመቱ የፋሲካ ዋዜማ አንድ ትልቅ በግ እየጎተተ ይመጣል፤ ዛሬ ጢሙ ሸብቷል። ከሕንፃው ሥር ያስረውና፣ ፎቁን እያለከለከ ወጥቶ፣ ገና በሩ ላይ ሆኖ ለእማዬ ይጮህላታል፤ «ያ ቧንቧ ውስጥ የቀረው በግ ዘንድሮም ወጣ!» እማዬም ከተቀመጠችበት ሆና ሁለቱንም እጆቿን ታነሳለች።